የድሮ የፕላስቲክ ወፍ ሞዴል እንዴት ይገጣጠማል፣ እንዴትስ ይቀባል?

አውሮፕላን ሲገጣጥም የኖረ ሰው ወፍ ቀላል ይመስለዋል። ክፍሎቹ ጥቂት ናቸው። ሁለት የሰውነት ግማሽ፣ ሁለት ክንፍ፣ ጅራት፣ እግሮች፣ የሚቆምበት ቅርንጫፍ። በቃ። ችግሩ የሚመጣው በኋላ ነው። እውነተኛው አውሮፕላን ራሱ ከቆርቆሮ የተገጣጠመ ስለሆነ ሞዴሉ ላይ መስመር ቢታይ ያምርበታል እንጂ አይጎዳውም። ወፍ ግን ስፌት የለውም። ከምንቃሩ ሥር ተነስቶ በደረቱ መሀል እስከ ጅራቱ የሚወርድ አንድ መስመር ከታየ አለቀ። ቀለሙ የቱንም ያህል ቢያምር ዓይን መጀመሪያ የሚያርፈው እዚያ መስመር ላይ ነው።

ለዚህ ነው ይህ መመሪያ ሁለት ነገር ላይ ረዘም ብሎ የሚቆየው። አንደኛው መጋጠሚያውን አጥፍቶ ላባውን መመለስ ነው። ሁለተኛው ቀይ ወፍ አቀባብ ነው። ቀይ ወፍ ስል ካርዲናልን ነው፤ ምሳሌዬ እሱ ነው። ወንዱ ከጉትዬው እስከ ጅራቱ ቀይ፣ ምንቃሩ ዙሪያ ጥቁር የሆነው የሰሜን አሜሪካ ወፍ። በአሜሪካ 7 ግዛቶች የግዛታቸው ወፍ አድርገው መርጠውታል፤ እዚያ የሚወደድ ወፍ ነው። የፊላደልፊያው ኩባንያ ባክማን «የዓለም ወፎች» በሚል ስም የወፍ ኪቶች፣ ማለትም ተቆራርጠው የሚገጣጠሙ ክፍሎች የያዙ ሳጥኖች፣ ይሸጥ ነበር። የእንግሊዙ ኤርፊክስም ትናንሽ ወፎችን አውጥቷል። እጃችሁ ላይ ያለው ሌላ ወፍ ቢሆንም ከቀለሙ በስተቀር ሥራው ያው ነው።

ከመቁረጥ በፊት

የድሮ ኪት ስታገኙ መጀመሪያ «ልሥራው ወይስ ልተወው?» ብላችሁ ጠይቁ። ሽፋኑ ያልተቀደደ፣ ክፍሎቹ ከፍሬማቸው፣ ማለትም አንድ ላይ ከያዛቸው የፕላስቲክ ዘንግ፣ ያልተነቀሉ ከሆነ እንዳለ የሚፈልገው ሰብሳቢ አለ። አንዴ ከተጣበቀ መመለሻ የለውም። እኔ የምመርጠው ሳጥኑ የተጎሳቆለውን፣ ሰው ጀምሮ የተወውን ነው። እንዲህ ያለውን ስሠራ እጄ አይፈራም።

የመመሪያ ወረቀቱን ፎቶ አንሱና ዋናውን ወደ ሳጥኑ መልሱት። ያረጀ ወረቀት ማጠፊያው ላይ ይቀደዳል። ከፎቶው እያያችሁ ሥሩ። ክፍሎቹንም ቁጠሩ። ብዙ ጊዜ የሚጎድለው እግር ነው፤ የሚሰበረውም እሱ ነው። ሳጥኑ ውስጥ ትንንሽ የቀለም ብልቃጦች ካሉ ደርቀዋል። በቲነር ላነቃቃቸው ብላችሁ አትድከሙ፤ ለማስታወሻ አስቀምጧቸው።

ቀጥሎ ፕላስቲኩን ፈትኑ። ብዙዎቹ ኪቶች ፖሊስታይሪን ናቸው። በጣም የቆዩት ግን አሲቴት ሊሆኑ ይችላሉ። ከፍሬሙ ላይ ሁለት ትናንሽ ቁራጭ ቆርጣችሁ በሞዴል ማጣበቂያ አጣብቁና በነጋታው ለመላቀቅ ሞክሩ። ተዋህደው አንድ ከሆኑ ፖሊስታይሪን ነው። ያለምንም ችግር ከተላቀቁ አሲቴት መሆኑን ጠርጥሩ፤ ሳጥኑ ሲከፈት የኮምጣጤ ሽታ ካለውማ ጥርጣሬው ይጠናል። አሲቴት ሲበላሽ የሚሰጠው ሽታ ነውና። እንዲህ ያለውን በሱፐር ግሉ ወይም በኢፖክሲ ሥሩት።

ሌላ ሰው ቀብቶት ከነበረ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በድሮ ቀለም ውስጥ እርሳስ ሊኖር ይችላል። አሜሪካ ውስጥ እንኳ ለቤት ዕቃና ለመጫወቻ በሚሆን ቀለም ላይ እርሳስ የተከለከለው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው። ስለዚህ የቆየ ቀለም በደረቁ አትፈግፍጉ፤ አቧራው ሳንባ ውስጥ ይገባል። አይሶፕሮፒል አልኮል ውስጥ አሳድራችሁት በጓንት፣ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ አራግፉት። አስቀድማችሁ ግን በፍሬም ቁራጭ ሞክሩት።

ማጠብና መቁረጥ

ክፍሎቹ በፋብሪካ ከቅርጽ ማውጫው እንዳይጣበቁ የተቀባ ቅባት ላያቸው ላይ ይቀራል። ቀለም አይዝም። ለብ ባለ ውሃና በዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና እጠቧቸው፤ አለቅልቃችሁ በአየር አድርቋቸው። የፈላ ውሃ አትጠቀሙ፤ ስስ ክንፍ ይጣመማል። ቀድሞውኑ የተጣመመ ክንፍ ካለ ግን ይኸው ጠባዩ ይጠቅማችኋል። እጅ የማይችለው ግን ያልፈላ ውሃ ውስጥ ጥቂት ሰከንድ ነክራችሁ፣ ቀስ ብላችሁ አቅኑትና ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ አስገቡት። በአንዴ አይቀናም። ሦስት አራቴ ደጋግሙት።

ያረጀ ፕላስቲክ ይሰባበራል። ክፍሉን በእጅ አጣሞ መንቀል ማለት የወፉን ጣት ፍሬሙ ላይ ማስቀረት ማለት ነው። በመቁረጫ ፒንሳ ከክፍሉ ራቅ አድርጋችሁ ቁረጡ፤ የቀረችውን ጉብ ያለች ነገር በስለታም ካተር ላጭታችሁ ጨርሱ። እግርና ምንቃር የመሰለውን ቀጭን ነገር በፒንሳ ሳይሆን በጥርሰ ደቃቅ መጋዝ ቁረጡት። ፒንሳ ሲጨብጥ የሚፈጥረው ድንገተኛ ግፊት ብቻውን ይሰብረዋል።

የድሮ ቅርጽ ማውጫ ስለሚበላ በክፍሎቹ ጠርዝ ላይ ስስ ትርፍ ፕላስቲክ ታገኛላችሁ። በካተር ጠርዝ እየላጫችሁ አንሱት። የላባ ጫፍ እንዳይመስላችሁ፤ ላባ ውፍረት አለው፣ ትርፉ እንደ ላስቲክ ወረቀት ነው።

ማጣበቅ

መጀመሪያ ያለ ማጣበቂያ ግጠሙት። ሁለቱን ግማሾች ይዛችሁ ወደ መብራት አዙሯቸው። ብርሃን የሚያሳልፍ ክፍተት የት እንዳለ ይታያችኋል። ማገናኛ ችንካሮቹ ግጣሙን ካዛቡት ቆርጣችሁ ጣሏቸው፤ ያለ እነሱ ይሻላል። ላይ ያሉት ላባዎች መስመራቸውን ጠብቀው መግጠማቸው ከችንካሩ ይበልጣል።

ቀጭኑን ፈሳሽ ማጣበቂያ ተጠቀሙ። የሚሠራው ፕላስቲኩን አቅልጦ ነው፤ ሁለቱ ግማሾች ይዋሃዳሉ። መስኮት ክፈቱ፣ ሽታው ከባድ ነው። የሁለቱንም ጠርዝ ቀቡ፣ ጥቂት ቆዩ፣ ደግማችሁ ቀቡና ግጠሙ። ቀስ እያላችሁ ስትጫኑ ከመጋጠሚያው ላይ የቀለጠ ፕላስቲክ እንደ ቀጭን ክር ብቅ ይላል። አትንኩት፤ አትጥረጉት። ያ ክር ክፍተቱን ከውስጥ ሞልቶት የወጣ ነው። ሲደርቅ ትላጩታላችሁ።

በአንዴ ዙሪያውን ለማጣበቅ አትቸኩሉ። ከጭንቅላቱ ጀምሩ፤ ሲይዝ ወደ ደረቱ፣ ከዚያ ወደ ጀርባው ሂዱ። በላስቲክና በወረቀት ፕላስተር አስሩት። ቢያንስ 24 ሰዓት ይቆይ። እኔ ሁለት ቀን እተወዋለሁ። ውስጡ ሳይደርቅ የተፈገፈገ መጋጠሚያ ከሳምንት በኋላ ይሰረጉዳል፤ ከተቀባ በኋላ ማለት ነው።

ክንፎቹን ገና አታጣብቁ። ደረቱን ለመሥራትም ለመቀባትም ክንፍ የሌለው ሰውነት ይቀላል።

መጋጠሚያውን ማጥፋት፣ ላባውን መመለስ

ዋናው ሥራ እዚህ ነው። አንድ ጊዜ መጋጠሚያውን ለማጥፋት ስታገል የደረቱን ላባ ሙልጭ አድርጌ ፈግፍጌዋለሁ። መስመሩ ጠፋ። ወፉ ግን ደረቱ ላይ የተላጨ መንገድ ይዞ ቀረ። ከዚያ ወዲህ የብርጭቆ ወረቀት ከማንሳቴ በፊት ከመጋጠሚያው ግራና ቀኝ የወረቀት ፕላስተር እለጥፋለሁ። መሀል ላይ 3 ሚሊሜትር ያህል ብቻ ክፍት ይቀራል። ከዚያ ውጭ ያለው ላባ አይነካም።

የደረቀውን ክር በካተር ላጩት። ስለቱን ቀጥ አድርጋችሁ ይዛችሁ ወደ ራሳችሁ ሳቡ እንጂ አትቁረጡ። አሁን ጎድጎድ ያለ ቦታ ከቀረ ስቱኮ ያስፈልጋል። ለዚህ ሥራ ከሱቅ ስቱኮ ይልቅ ከራሱ ከኪቱ ፍሬም የሚሠራው ይሻላል። የፍሬሙን ቁርጥራጭ ትንሽ የመስታወት ብልቃጥ ውስጥ ጨምሩ፤ ፈሳሽ ማጣበቂያ አፍስሱበት፤ ክዳኑን አጥብቃችሁ አሳድሩት። በነጋታው እንደ ማር ይሆናል። በስቴኪኒ ጫፍ እየነካችሁ ጎድጓዳው ላይ አኑሩት፤ ከፍ ብሎ ይደር። ሲደርቅ ይሟሽሻልና። ሦስት ቀን ስጡት። ጥቅሙ ምንድን ነው? ጥንካሬው ከዙሪያው ፕላስቲክ ጋር አንድ ነው። የሱቅ ስቱኮ ላይ ላባ ልትቀርጹ ስትሞክሩ ይፈረፈራል፤ ይሄ ግን መርፌ ሲነካው እንደ ቀሪው ሰውነት ይቀረጻል።

የብርጭቆ ወረቀቱን ውሃ እያስነካችሁ ፈግፍጉ። በ400 ቁጥር ጀምሩ፣ በ600 ቀጥሉ፣ በ1000 ጨርሱ። ሰፊ ወረቀት አትያዙ። ጥፍር የምታክል ቁራጭ አጥፋችሁ በወረንጦ ያዙ።

አሁን ፕላስተሩን አንሱ። መሀል ላይ አንድ ለስላሳ ጭረት አለ፣ ግራና ቀኙ ላባ ነው። በቀጭን እርሳስ የጎደሉትን ላባዎች ሳሏቸው። ደረት ላይ ላባ እንደ ዓሣ ቅርፊት ነው። የላይኛው ረድፍ የታችኛውን ይሸፍናል፤ የአንዱ ረድፍ ጫፍ ከሥሩ ባለው ረድፍ በሁለት ላባዎች መካከል ይወድቃል። ከግራው ላባ ተነስታችሁ ወደ ቀኙ አሻግሩ። መጋጠሚያውን ተከትሎ የሚወርድ ረድፍ ግን አትሳሉ። ያጠፋችሁትን መስመር ራሳችሁ መልሳችሁ ትሠሩታላችሁ።

እርሳሱን ተከትላችሁ በወፍራም መርፌ ቅረጹ። መርፌውን አሮጌ ብዕር ውስጥ ብትተክሉት ለመያዝ ይመቻል። መጀመሪያ የላባውን ክብ ጫፍ፣ ከዚያ ውስጡ ያሉትን ቀጫጭን መስመሮች። መስመሮቹ ከላባው መሀል ተነስተው ወደ ውጭና ወደ ጅራት ያጋድላሉ። በኃይል አትጫኑ። አንዱን መስመር ሦስት ጊዜ በስሱ መሄድ አንዴ በጥልቀት ከመሄድ ይሻላል። ጥልቀቱ ከጎረቤቱ ላባ ከበለጠ ቀለም ሲገባበት ጠባሳ ይመስላል።

ሲያልቅ የቀረጻችሁት ነገር ሻካራ ይሆናል። መርፌ ያረሰው ፕላስቲክ ጠርዙ ይነሳል። በለስላሳ ብሩሽ ፈሳሽ ማጣበቂያ አንድ ጊዜ ብቻ አሳልፉበት። ሻካራው ይቀልጥና ልክ ፋብሪካው እንዳወጣው ላባ ይለሰልሳል። ሁለተኛ አትድገሙ፤ ላባው ራሱ ይሄዳል። ከዚያ ግራጫ ቀለም በስሱ ነክታችሁ ከጎን በመብራት እዩት። ግራጫ ምንም አይደብቅም። መስመሩ አሁንም ከታየ ተመለሱ። ብዙ ጊዜ ሁለቴ እመለሳለሁ።

እግሮቹን እንዲህ አድርጉ። በእጅ በሚዞር ትንሽ መሰርሰሪያ ከእግሩ ሥር ወደ ላይ ቀዳዳ አውጡና ቀጭን የናስ ሽቦ በሱፐር ግሉ ትከሉ። ሽቦው ወጥቶ ቅርንጫፉ ውስጥ ይገባል። የወፉን ክብደት የሚሸከመው ሽቦው እንጂ ያረጀው ፕላስቲክ አይሆንም።

ቀዩን መቀባት

ካርዲናልን በአንድ ቀይ ቀለም ከራስ እስከ ጅራት መቀባት መጫወቻ ማድረግ ነው። የወፉን ፎቶ ጠጋ ብላችሁ እዩ። ደረቱ ደማቅ ነው፣ ወደ ብርቱካናማ ያጋደለ። ጀርባው ደብዘዝ ያለ ነው፤ ላባዎቹ ጠርዛቸው ላይ ግራጫ አለባቸው። ወፉ በመጸው ላባ ሲቀይር አዲሱ ላባ ግራጫ ጠርዝ ይዞ ይወጣል። በበረዶው ወራት ጠርዙ እየተበላ ሲሄድ ቀዩ ይገለጣል። ስለዚህ በግራጫው መጠን የትኛውን ወቅት እንደምታሳዩ እናንተ ናችሁ የምትወስኑት። የበረዶ ወፍ ከፈለጋችሁ ጥቂት ግራጫ ተዉለት፤ የጸደይ ከሆነ ከናካቴው አስቀሩት።

ቀይ ቀለም ስስ ነው፤ ሥሩ ያለውን ያሳያል። ግራጫ ፕራይመር (ከቀለሙ በፊት የሚቀባ መነሻ ቀለም) ላይ ቢቀባ ይጠቁራል። ስለዚህ ከግራጫው ፍተሻ በኋላ ሙሉ ሰውነቱን በነጭ ፕራይመር ሸፍኑት። የሚረጭ ከሆነ ከ20 እስከ 25 ሴንቲሜትር ርቃችሁ፣ በስሱ፣ ሁለት ጊዜ። ሲወፍር ያን ሁሉ የቀረጻችሁትን ይደፍናል።

አክሪሊክ ቀለም ለጀማሪም ለልምድ ላለውም ይመቻል። በውሃ ይቀጥናል፣ ቶሎ ይደርቃል። ቀዩን ወተት እስኪመስል አቅጥኑትና ሦስት ጊዜ ቀቡ። የመጀመሪያው ዙር ሲያልቅ ያስደነግጣል፤ የተዝረከረከ ሮዝ ይሆናል። ይደርቅ። በሦስተኛው ይሞላል።

ከዚያ ጥላው ይመጣል። ቀይን በጥቁር አታጥቁሩት፤ ጭቃ ይሆናል። ቀይና ጥቁር ቡናማ ቀላቅሉ፣ ከተገኘ ጠብታ ወይን ጠጅ ጨምሩበት። እንደ ሻይ አቅጥናችሁ ላባዎቹ መሀል አፍስሱት። ቀለሙ ራሱ ጎድጓዳውን ፈልጎ ይገባል። ላዩ ላይ የቀረውን በእርጥብ ብሩሽ ወደ ጅራት እየጎተታችሁ አንሱ። ክንፍ ሥርና ሆድ ላይ ጠንከር፣ ደረት ላይ ላላ አድርጉ።

ብርሃኑ ደግሞ በደረቅ ብሩሽ ነው። ቀይን በነጭ አታድምቁት፤ ሮዝ ይሆናል። ብርቱካናማ ጨምሩበት። ጠፍጣፋ ብሩሽ ነክራችሁ ሶፍት ላይ ጥረጉት፣ ጥረጉት፣ ምንም የቀረ እስከማይመስል። ከዚያ ከጅራት ወደ ጭንቅላት ደባብሱ። አቅጣጫው የተገላቢጦሽ የሆነው በምክንያት ነው። የእያንዳንዱ ላባ ጫፍ የሚነሳው ወደ ጅራት ዞሮ ነው። ብሩሹ ከኋላ ሲመጣ ያንን ጫፍ ብቻ ያገኘዋል። ከጭንቅላት ወደ ጅራት ብታሻሹ ብሩሹ ላባው ላይ ተንሸራቶ ያልፋል።

ጀርባው ላይ በብርቱካናማ ፋንታ ቀይ የተቀላቀለበት ግራጫ ተጠቀሙ፤ አሠራሩ ያው ነው። ረጃጅሞቹ የክንፍ ላባዎች ጥቁር ቡናማ ናቸው፤ ውጭ ጠርዛቸው ቀይ ነው። ይህንን ጠርዝ በቀጭን ብሩሽ አንድ በአንድ ሳቡት፤ ሁለቱ ክንፎች አንድ ምሽት ይወስዱባችኋል። ክንፎቹን የምታጣብቁት ይሄ ሲያልቅ ነው። ከትከሻው ጋር የሚገናኙበት ቦታ ላይ ከዚያው ከፍሬም ስቱኮ ትንሽ አስነኩ። ወደ ታች እያጋደላችሁ ላባ አስመስሏቸው፤ ሲደርቅ በቀይ ንኩት።

ሴቷን ለመሥራት ከፈለጋችሁ ነገሩ ሌላ ነው። ሙቀት ያለው ቡናማ ሰውነት፣ ጉትዬዋ፣ ክንፏና ጅራቷ ላይ ቀይ ነካ ነካ። ለእኔ ከወንዱ የምትከብደውም የምታምረውም እሷ ናት፤ ቡናማው ወደ ቀዩ የሚሸጋገርበት ቦታ ትዕግሥት ይጠይቃል።

ፊቱ

የወንዱ ፊት ላይ ያለው ጥቁር ከምንቃሩ ሥር ዙሪያውን ይዞ ጉሮሮው ድረስ ይወርዳል። ንጹሕ ጥቁር አትጠቀሙ፤ ጥቂት ቡናማ ጨምሩ። ጠርዙም ቀጥ ያለ መስመር አይሁን። ላባ ነው እኮ። ከጥቁሩ ወደ ቀዩ፣ ከቀዩ ወደ ጥቁሩ በብሩሽ ጫፍ ሚሊሜትር የማይሞሉ ጭረቶች አስገቡ። ምንቃሩ ብርቱካናማ የገባበት ቀይ ነው፤ የላይኛውና የታችኛው የሚገናኙበትን መስመር በቀጭን ጥቁር ቡናማ አሳዩት። እግሩ ቀላ ያለ ጥቁር ቡናማ ነው።

ዓይኑን ከመንካታችሁ በፊት ሙሉ ወፉን በማያብረቀርቅ ቬርኒሽ ሸፍኑት። ላባ አያብለጨልጭም። ሲደርቅ ዓይኑን በጥቁር ቡናማ ቀቡት፣ መሀሉን ጥቁር። ነጭ ነጥብ የመጨመር ልማድ አለ። እዚህ ግን አታድርጉት። ያ ነጥብ ለሥዕል እንጂ ክብ ለሆነ ዓይን አይሆንም። ወፉን ስታዞሩት ነጥቡ አብሮ ይዞራል፣ ብርሃኑ ግን አይዞርም። በምትኩ በስቴኪኒ ጫፍ የሚያብረቀርቅ ቬርኒሽ ጠብ አድርጉበት። ወፉን ጭንቅላቱን ወደ ጎን አጋድማችሁ እስኪደርቅ ተዉት፤ ከዚያ ሌላኛውን ዓይን። የክፍሉን መብራት ራሱ ይይዛል። ያቺ ጠብታ ስትደርቅ ወፉ ያያችኋል።

ቅርንጫፉና ማስቀመጫው

ከኪቱ ጋር የሚመጣው ቅርንጫፍም መጋጠሚያ አለው። እሱን ማጥፋት ግን ቀላል ነው፤ በመጋዝ ጥርስ ርዝመቱን ተከትላችሁ ብትቧጥጡት ቅርፊት ይሆናል። ጥቁር ቡናማ ቀቡት፣ ሲደርቅ ግራጫ በደረቅ ብሩሽ።

ካርዲናል ክረምት ሲመጣ አገር አይለቅም። በረዶ ላይ ቀይ ሆኖ የሚታየው ለዚህ ነው፤ ቅርንጫፉ ላይ በረዶ ብትጨምሩ ያለቦታው አይሆንም። የእብነ በረድ ዱቄት፣ ነጭ የእንጨት ኮላና ጥቂት ነጭ አክሪሊክ አቡክታችሁ በቅርንጫፉ ላይኛ ጎን ብቻ አኑሩት። የእግር ጣቶቹ በረዶውን ትንሽ ተጭነውት ይታዩ። ቤኪንግ ሶዳ ግን አትጠቀሙ፤ እያደር ወደ ቢጫነት ይሄዳል።

የናሱን ሽቦ ቅርንጫፉ ውስጥ ካስገባችሁ በኋላ ሱፐር ግሉ ከማድረጋችሁ በፊት ወፉን ራቅ ብላችሁ እዩት። አንድ ዲግሪ ወደ ፊት ቢያጋድል ሊበር ነው፤ ወደ ኋላ ቢል ያርፋል። ደስ ባላችሁ ቦታ አጽኑት። ፀሐይ በቀጥታ ከሚያገኘው መስኮት አርቁት፤ ብዙ ቀይ ቀለሞች በፀሐይ ይደበዝዛሉ። አቧራውን በለስላሳ ሰፊ ብሩሽ አንሱት። ይሄኛውን እንኳ ከጭንቅላት ወደ ጅራት።